አሚን ካልን በኋላ ያነበብሁት ወረቀት

ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ ነው፤ መርሳ ከተማ፣ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ። ቀደም ብዬ ተምሬ ቢሆን ኖሮ የእህቴን ክንድ ሰባሪ በገዛ አውራ ጣቴ ነፃ ባላወጣሁት ነበር።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሳይደርስ ነው፤ ባሏ በፍልጥ መትቶ የግራ ክንዷን ሰበረው። ክንዷን በሻሿ አንጠልጥላ ከገጠር በእግሯ መጣችብኝ። ፖሊስ ዘንድ ልወስዳት ስነሳ ሽማግሌዎች ቀደሙኝ። ዋርካው ሥር ተቀመጥን፤ ጫት ቀረበ፣ አንድ ጸሐፊ ነኝ ባይ የእርቅ ወረቀት ጻፈ፣ ዱዓ ተደረገ። እኛ ዘንድ አሚን ከተባለ በኋላ «ወረቀቱ ይነበብልኝ» ማለት ዱዓውን መጠርጠር ነው። የሚደፍር የለም። እኔም ፈሪ ነበርሁና አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ተጫንሁ። እህቴም ተጫነች፤ በደህናው እጇ።

እህቴ ወደ ባሏ ተመለሰች፤ እኔም ትምህርት ገባሁ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማው ተያዘ፣ ቢሮ ተዘረፈ፣ መዝገቡ ሁሉ ሜዳ ላይ ተበተነ። ሰላም ሆነ በተባለ ማግስት ያ ጉደኛ ያንኑ ክንድ ደገመው። ሰው ሲሸሽ ልጁን ሊረሳ ምንም አልቀረው፤ እሱ ግን ያችን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዟት ከርሟል።

ከእህቴ ጋር ከስሰን ፖሊስ ጣቢያ ስንቀርብ አወጣት። መርማሪው «ተምረሃል አሉ፤ እስቲ አንብባት» አለኝ።

አነበብሁ። «በባልና ሚስት መካከል በተፈጠረ መጠነኛ አለመግባባት ባል ሚስቱን የገሠጻት ሲሆን፣ በዚሁ ወቅት እጇ ላይ ጉዳት ደርሷል። ሚስትም ጥፋቷን አምናለች።» ከሥሩ የእኔ አውራ ጣት፣ የሞተ ዝንብ መስሎ።

ጉዳት ደርሷል! ከየት ነው የደረሰው? ከሐራ ገበያ መኪና ተሳፍሮ? ፍልጥ የለ፣ መቺ የለ። ሕጉ ባልንም ይቀጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን ሕግ የሚያየው የተጻፈለትን ነው፤ ለገሠጸ ሰው ደግሞ ወህኒ አልተሠራለትም።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ባልየውን አጅበው መጥተው ነበር። «አንተ ልጅ፣ አገር ቆስሎ አንተ ስለ አንዲት ሴት ክንድ ትካሰሳለህ?»

«የአንቱ ቤት የተዘረፈ ጊዜ፣ አባባ፣ መጠነኛ አለመግባባት ተፈጠረ ብለው ነው ያመለከቱ?»

ጺማቸውን አሹ። ባልየው ሳቀ። «አርባ ዓመት አህያ ሲነዳ ኖሮ፣ ዛሬ ዳኛ ሆነልን!»

መርማሪው ሰዓቱን አየ። «ታርቃችሁ ነበር። የአሁኑንም በዚሁ አኳኋን ጽፈህ አምጣ። ተጋጭተው ነው በል፤ ሽማግሌ ይይዘዋል።»

ማለት ወደ ባሏ መልሰህ ውሰዳት። ፍልጡም እዚያው ቤት፣ ሰውዬውም እዚያው ቤት።

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጻፍሁ። እጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። «ባሏ በፍልጥ መታት። ክንዷ ተሰበረ። ይህ ሁለተኛው ነው።» ከዚያ ጣቷን ቀለም ሳታስነካ አነበብሁላት።

«ድገመው» አለች። ደገምሁት።

«ፍልጡ የወይራ ነበር። እሱንም ጨምር።»

ጨመርሁ።

መርማሪው አነበበና ፊቱን አጨማደደ። «እንዲህ ተብሎ አይጻፍም እኮ።»

«ታዲያ እንዴት ተብሎ ነው የተመታሁ?» አለችው እህቴ።

  መርማሪው እያጉረመረመ የክስ መዝገብ ቁጥር ሰጣት፤ የሐኪም ወረቀት ከወልድያ እንድናመጣ አዘዘ። ባልየውን እዚያው አስቀረው። ሳቁ የት እንደገባ አላየሁም።

እህቴ ወደዚያ ቤት አልተመለሰችም። ሽማግሌዎቹ ከዚያ ወዲህ ለእርቅ አይጠሩኝም፤ ከአሚን በፊት ወረቀት ይነበብ ይላል ብለው። ይቅርብኝ። ጫታቸውም ደረቅ ነበር።