ቅቤ የጠጣው የካሜራ ማኅደር

ዝናብ የመታው ቆዳ ሲሸተኝ፣ ዛሬም ቆሰበር ከተማ ወደነበረው የአባቴ ፎቶ ቤት ጓዳ የገባሁ ይመስለኛል። የልጅነቴ ክረምት የሚወጣ አይመስልም ነበር፤ ግድግዳው ያልበዋል፣ ዱቄቱ ይሻግታል፣ አባቴ ግን ከሁሉም አብልጦ የሚሳሳው ለካሜራው ነበር። እርጥበት የሌንሱን መስተዋት እንዳያሻግተው ከሰል በጨርቅ ቋጥሮ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥና ካሜራውን ከጎኑ ያስተኛው ነበር። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ከሰሉን አውጥቼ የማደርቀው እኔ ነበርኩ። እናቴ «እኛን ብርድ ይጠብሰናል፣ ካሜራው ከሰል ታቅፎ ይተኛል» እያለች ስትተርበው፣ አባቴ እየሳቀ በዶሮ ላባ አቧራውን ጠረግ ጠረግ ያደርግ ነበር።

ጥር ሲገባ ሠርጉም ፈረስ ጉግሱም አንድ ላይ ይመጣና ካሜራው ከአባቴ አንገት አይወርድም። አገሩን ሁሉ ሲያነሣ፣ ስመ ጥር ፈረሰኛ የነበረውን የገዛ አባቱን ግን «ለከርሞ» እያለ ሳያነሣ ኖረ። አንድ ዓመት አያቴ ክረምቱን ሙሉ ታሞ ከረመና፣ በጥር ጊዮርጊስ ለመጨረሻ ጊዜ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ፎቶ እንዲነሣ ተወሰነ።

ከአያቴ ጋር አክስቴ ጥሩ ከአዘና ገጠር መጣች። የአባቴ ታላቅ እኅት ነች፤ ኮርቻም ሆነ ልጓም፣ የደረቀ ቆዳ ካየች ቅቤ ሳትቀባ አታልፍም። በዋዜማው የካሜራው የቆዳ ማኅደር ተሰነጣጥቆ ብታገኘው አንጀቷ አልችል አለና፣ ካሜራውን አውጥታ ማኅደሩን ከውስጥም ከውጭም ቅቤ አጠጣችው፤ መልሳም ከተተችው።

በማግሥቱ የጉግሱ ሜዳ ላይ ፀሐዩ ከረረ። አያቴን ሁለት ጎረምሶች ተሸክመው ፈረሱ ላይ አወጡት፣ እሱም ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አባቴ ማኅደሩን ሲከፍት ቅቤው ቀልጦ መስተዋቱን አልብሶታል። በጥጥ ቢጠርገው ባሰበት። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ልውረድ እንዴ?» አለ አያቴ።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ አባባ» አለ አባቴ። አያቴ ከወረደ ዳግም እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቅ ስለነበር፣ እንደዚያው አነሣው።

ፊልሙ ባሕር ዳር ታጥቦ እስኪመጣ አክስቴን እህል አስጠላት። ፎቶው ሲመጣ አያቴ ከወገቡ በላይ ጉም የዋጠው መስሎ፣ ከጉሙ ውስጥ ፈገግታው ብቻ ወጥቶ ይታያል። አቅርቦም አርቆም አየው።

«እኔ ጉም ለብሻለሁ፤ ፈረሴ ግን አምሮበታል» አለ።

አክስቴ እየሳቀች አለቀሰች። አባቴም «እታለም፣ ያንቺ ቅቤ ባይኖር ማኅደሩ ተቀዶ ካሜራው አንድ ቀን መሬት ይወድቅ ነበር» አላት። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ማኅደሩን የምትቀባው እሷ ሆነች፤ አባቴም ካሜራውን አስቀድሞ አውጥቶ፣ ቅቤው እስኪደርቅ አይመልሰውም ነበር። አያቴ የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ዐረፈ። በፈረሱ ላይ ሆኖ የተነሣው ሌላ ፎቶ የለንም።

አሁን እኔም ልጆቼም ስልክ ይዘናል፤ ስልክ ከሰል አይፈልግም፣ እኔም በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌው እሄዳለሁ። ባለፈው ጥር ልጄ ፈረሰኞቹን ሲያነሣ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ያነሣል፣ ያያል፣ ደብዘዝ ያለውን እዚያው ያጠፋል። አልነቅፈውም፣ ፎቶዎቹ ጥርት ያሉ ናቸው። እኔ ግን ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ ያለውን ጉም የለበሰ ፈገግታ ቀና ብዬ አየሁና ተመስገን አልኩ፤ ያን ቀን በእጃችን ስልክ ቢኖር ኖሮ፣ አያቴን ገና ከፈረሱ ሳይወርድ አጥፍተነው ነበር።