የጅቡ ተረት ሳያልቅ

ልጅ ሳለሁ ሮም ውስጥ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ስደተኞች ገብተው በያዙት አሮጌ የቢሮ ሕንፃ ነበር የምንኖረው። ያኔ መብራት ከተቆረጠብን ሰንብቶ ስለነበር ሲመሽ እኛ የሐበሻ ልጆች ከማሊ የመጡ አንድ የእንጨት ቀራጺ ክፍል እንሰበሰብ ነበር፤ «ጋሽ ሙሳ» ያልናቸውም እኛው ነን። በቆርቆሮ ውስጥ ባለ ፍም ላይ ብረት እያጋሉ እንጨቱን ያጠቁራሉ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን በተሰባበረ ጣሊያንኛ ተረት ይነግሩናል። ለአንድ ተረት አንድ ቅርጽ ነው። ተረቱ ሳያልቅ ቅርጹ ከቤት አይወጣም፤ ከወጣ የተረቱ ቀሪ ክፉ ነገር ቤቱ ላይ ይደርሳል ይሉ ነበር፣ የአባታቸው ሥርዓት ነው።

ያን ሰሞን ከአንድ አሮጌ በር የሚቀርጹት፣ ሲመሽ በየደጃፉ እየቆመ የሚያዳምጥ ጅብ ነበር። እኔ በበኩሌ እንቅልፍ አጥቼበታለሁ።

አንድ ቀን አይሳታ የምትባል፣ ወላጆቿ ከጊኒ የመጡ፣ ሮም ተወልዳ ያደገች የኤግዚቢሽን አዘጋጅ ሥራቸውን ልታይ መጣች። ተረቱን ስትሰማ ክው አለች፤ እናቷም በዚሁ ጅብ ነበር የሚያስፈራሯት። ድንበሩ ኋላ የመጣ ነው፣ ተረቱ የሁላችንም ነው ተባባሉና አብረው አንድ ኤግዚቢሽን ሊያሳዩ ተስማሙ። ጋሽ ሙሳን እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። የእናቷንም ተረት ከራሳቸው ጋር አዋህደው መቅረጽ ጀመሩ፤ ታዲያ ተረቱ በእጥፍ ረዘመ።

ቅርጹ ሰው ሲያክል አይሳታ እያለከለከች መጣች። ፖሊስ ሕንፃውን ሊያስለቅቅ መሆኑን ሰምታለች።

«ጋሽ ሙሳ፣ ዛሬውኑ እናውጣው» አለቻቸው።

«የእናትሽ ጅብ ገና በሩን አልከፈተም፣ ልጄ።»

ትከራከራለች ስል ቀስ ብላ ተቀመጠች። ለካ እሷም ያደገችው በዚያው ሥርዓት ነው።

ፖሊሶቹ በማግስቱ ጠዋት መጡ። ብርድ ልብስ ተከናንበን መንገድ ዳር ቆመን ሳለ፣ ቅርጹን ከፍራሾች ጋር የቆሻሻ መኪና ላይ ሲወረውሩት አየሁ። አይሳታ «ቆሻሻ አይደለም፣ የሰው ሥራ ነው!» እያለች ስታለቅስ፣ አንዱ ፖሊስ «ቫ ቤኔ ሲኞራ፣ እሺ እመቤት፣ ወደ ኋላ» አላት። ጋሽ ሙሳ መኪናውን በዓይናቸው ሸኙት። ከዚያ ወዲህ ተረት ሲናገሩ የሰማቸው የለም።

ዛሬ በስማችን የተከራየነው ቤት አለን። ከእነዚያ ምሽቶች የቀረልኝ ግን ጥድፊያ ነው። ታናሽ ወንድሜ ተረት ሲለምነኝ እምቢ አልለውም፣ ቶሎ ቶሎ ብዬ እጨርስለታለሁ።

«ምን ያስቸኩልሻል?» ይለኛል።

«ስማ ዝም ብለህ» እለዋለሁ፣ «ሳይመጡብን።»