የፈረስ እግር በእትዬ የሺ ድስት

ይህ የገጠመኝ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሮብ ገበያ የባዮሎጂ መምህር ሆኜ በተመደብኩበት ዓመት ነው። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል ከዚያ ወዲህ አፍሬ አላውቅም።

ዘጠነኛ ክፍል ስለ ፈረስ ዘር አስተምር ነበር። ከዚያ ሰፊ ዘር ዛሬ የቀሩት ፈረስ፣ አህያና የሜዳ አህያ ብቻ ናቸው፤ የጥንቱ ፈረስ ውሻ የሚያክል፣ የፊት እግሩ አራት የኋላው ሦስት ጣት ያለው ነበር ብላቸው ክፍሉ በሳቅ አውካካ። "መምህር፣ ያንን ማን ይጭነዋል?" አለኝ አንዱ። ፈረስ እየጋለቡ ላደጉ ልጆች እኔ የከተማ ልጅ ምን ልንገራቸው! እልህ ያዘኝ።

ቅዳሜ ወንዝ ዳር ከጅብ የተረፈ የፈረስ እግር አገኘሁ። ከትልቁ አጥንት ግራና ቀኝ የተለጠፉ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች አሉ፤ የጠፉት ጣቶች ቅሪት ናቸው። እነሱን ላሳያቸው ብዬ፣ ጅማቱ እንዲላቀቅልኝ ከአከራዬ ከእትዬ የሺ በተዋስኩት የሸክላ ድስት ቀቀልኩት። ሑዳዴ መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም።

ሽታው እትዬ የሺን ከጓሮ ጠራቸው። ሰኮናው ከድስቱ አፍ ወጥቶ ሲያዩ "ኡኡ! የፈረስ ሥጋ! ያውም በጾም!" ብለው ጮኹ። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ።

"ዛሬውኑ ከቤቴ ውጣልኝ!" አሉ።

ፈረስ በላ የተባለን ሰው በዚያች ከተማ ማን ያከራየዋል? ማንስ ልጁን አስተምርልኝ ይለዋል?

የንስሐ አባታቸው ተጠርተው መጡ። አጥንቱን አውጥቼ፣ ለመብላት እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። ቀጫጭኖቹን አጥንቶች በጣታቸው ዳሰሱ።

"ይህን ዘመን ሁሉ ፈረስ ተቀምጬ ይህን አላየሁም" አሉ። እፎይ አልኩ።

"አጥንቱስ እሺ፣ ትምህርት ነው። ድስቱን ለምን እንደፈለግኸው ነግረሃታል?"

"አልነገርኳቸውም፣ አባ።"

"ብትነግራት ትሰጥህ ነበር?"

አባ ሸክላ አይነጻምና ድስቱ ይሰበር አሉ። እትዬ የሺ "የእናቴ ድስት ነበር" ብለው ሲያለቅሱ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አባም ለመኑልኝ፤ እሳቸውም ይቅር ብለው አስቀሩኝ።

ሰኞ ተማሪዎቹ አጥንቱን አይተው አመኑኝ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። እትዬ የሺ ቤት ሦስት ዓመት ኖርኩ። ስታመም አስታመሙኝ፣ በዓል ሲሆን ከማዕዳቸው አልለዩኝም፤ ዕቃ ግን ዳግመኛ አላዋሱኝም። እውነታቸውን ነው።