ዘይነባ አልተናገረችም

ይህን ነገር ከሚመለከታቸው ሰዎች በቀር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኳቸው ቀንሼ ነው። «ሰው አምቻለሁ» አልኳቸው፤ እሳቸውም ለሐሜት የሚሆን ቀኖና ሰጡኝ፤ ሰግጄ ጨረስኩ። እኔ ያደረግኩት ግን ሐሜት አልነበረም። ያኔም አውቀው ነበር። እናንተ የምታነቡኝ፣ አሁን ሳልቀንስ ልንገራችሁ።

ነርስ ነኝ። የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ከመጠጥና ከጫት ሱስ ለመውጣት የሚታገሉ ሰዎችን ሳማክር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የሱስ ሕክምና ሥልጠና ከወሰድኩ በኋላ ደግሞ ሌሎች ነርሶችንና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችን እንዳሠለጥን ተመረጥኩ። መመረጤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሚገባው በላይ ደስ ብሎኝ ነበር።

መሠረት ታካሚዬ ነበረች። አስተማሪ ናት፤ አረቄ በውሃ ፕላስቲክ ይዛ ክፍል የምትገባበት ጊዜ ነበር። መጀመሪያ ስትመጣ እንቅልፍ እንቢ እንዳላት ብቻ ነበር የምታወራኝ። ቆይታ፣ እኔን ከለመደች በኋላ፣ ያመጣትን ነገር ነገረችኝ። አንድ ቅዳሜ የአራት ዓመት ልጇን ይዛ አየር ልንቀበል ብላ ወደ እንጦጦ ወጣች። ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጣ ከያዘችው ፕላስቲክ ስትጠጣ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ልጅቷ የለችም። እየጮኸች ቁልቁል ስትሮጥ፣ እንጨት ለቃሚ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ልጅቷን መሐላቸው አስቀምጠው የእናቷን መምጣት ሲጠብቁ አገኘቻቸው። አንዲቷ ነጠላዋን አልብሳታለች። ማንም ምንም አላላትም። «ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ መሠረት።

ባሏ ይህን አያውቅም። የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ዘይነባ። ዘይነባ የካ ሚካኤል አካባቢ የመጋረጃ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ከጫት ለመውጣት ወደ እኛ የቡድን ውይይት ትመጣ ነበር። ሁለቱ እዚያ ተዋወቁና እህትማማች ሆኑ። መሠረት መጠጥ ሲያምራት መጀመሪያ የምትደውለው ለእኔ አልነበረም፤ ለዘይነባ ነበር። ዘይነባ ሱቋን ዘግታ ትመጣና እስኪያልፍላት ድረስ ይዛት ትዞራለች። እኔ በሥልጠና ላይ በብዙ ስላይድ የማስረዳውን ነገር እነዚህ ሁለት ሴቶች በእግራቸው ይሠሩት ነበር።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። ክፉ ሥራዬን ማለቴ ነው።

ከየጤና ጣቢያው የመጡ ሠልጣኞችን አዳራሽ ውስጥ ሳሠለጥን ነበር። ጠዋት ያስተማርኩት ምን መሰላችሁ? የታካሚን ምስጢር መጠበቅ። ስም መደበቅ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሥራና ሰፈር፣ ልጅና ቦታ ሲገጣጠሙ ሰውዬው እንደሚታወቅ እኔው ራሴ አስረዳሁ። ከምሳ በኋላ ግን አዳራሹ አንቀላፋ። ግማሹ ስልኩን ይነካካል፣ ግማሹ ያዛጋል። ርእሴ እናቶች ከኀፍረት የተነሣ ለምን ወደ ሕክምና እንደማይመጡ ነበር። ማንም አይሰማኝም። እና አወራሁት። «አንዲት አስተማሪ አለች» አልኩ። ስሟን አልጠራሁም። ሌላውን ሁሉ ግን አወራሁ፤ ፕላስቲኩን፣ እንጦጦን፣ ልጅቷን፣ ነጠላውን ሳይቀር። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች። ያን ጊዜ የተሰማኝ ሐዘን ነበር ብዬ ልዋሻችሁ? ደስታ ነበር። ያዝኳቸው አልኩ በሆዴ። ጭብጨባውን ተቀብዬ ወረድኩ።

ከሠልጣኞቹ አንዷ የመሠረት ባል ዘመድ ነበረች። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። እሷ ግን መሠረት መሆኗን ወዲያው አውቃ ለባልየው ነገረችው።

ባልየው ከማን እንደሰማ ሳይናገር ልጅቷን አያቷ ዘንድ ብሎ ደብረ ብርሃን ወሰዳት። መሠረት እኔ ቢሮ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። አላለቀሰችም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ሲስተር፣ ለሰው ነግረዋል?» አለችኝ።

አዎ ማለት ይቻል ነበር። አንድ ቃል ነው። እኔ ግን «እንዴት ተደርጎ!» አልኳት። የተቆጣሁም መሰልኩ።

አንገቷን ደፋችና «እንግዲያው ዘይነባ ናት» አለች።

ዝም አልኩ። የዘይነባን ስም እኔ አላነሣሁም እያልኩ ራሴን ስንት ጊዜ አጽናናሁት! አላነሣሁም፤ እውነት ነው። ግን ተነሥቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩና እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግኩ። ያ እጄ አዎ፣ እሷ ናት አላለም? ከአንደበቴ የባሰ ዋሸ።

ከዚያ ወዲያ መሠረት ዘይነባን መንገድ ላይ ስታያት ትሻገር ጀመር። ዘይነባም ከቡድኑ ቀረች። ሱቋ ከእኛ ጤና ጣቢያ ቅርብ ነው፤ ሌላ ታካሚ ሲጠፋ ደውዬ ወይም ሄጄ እጠይቃለሁ፤ እሷን ግን አልጠየቅኳትም። ወደ ጫቱ ብትመለስስ? ይህን ሳላስብ ቀርቼ አይደለም። አስቤ ነው የተውኳት።

ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ነበረኝ። እውነቱን ብነግራት መሠረት ሕክምናዋን ትተዋለች፣ ትጠጣለች፣ ልጇንም ጨርሳ ታጣለች እል ነበር። ደግሞም ምክንያቴ የሠመረ መሰለ። መሠረት አልጠጣችም። ቀጠሮዋን አላጓደለችም። ሽማግሌ ገብቶ፣ ባሏም ለውጧን አይቶ፣ ከዓመት በላይ ቆይቶ ልጅቷ ተመለሰችላት። ይዛት መጥታ ስታሳየኝ አቅፌ ሳምኳት። በየትኛው አፌ እንደሆነ አላውቅም።

ዓመታት አለፉ። በቅርቡ፣ ራሳቸው ከሱስ ወጥተው ሌሎችን ለመደገፍ የተመለመሉ ሰዎችን እንዳሠለጥን ታዘዝኩ። መሠረትን የሕይወት ልምዷን እንድታካፍል ጋበዝኳት። ጥሩ አድርጋ ተናገረች፤ ስለ አረቄው፣ ስለ ኀፍረቷ፣ ስለ ልጇ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ እያየች ጓደኛዋ እንደከዳቻት፣ ሲስተር ግን እንዳልከዳቻት አወራች። «ስለዚህ ምስጢራችሁን ለጓደኛ አትስጡ» አለቻቸው። «ለባለሙያ ብቻ ስጡ።»

ሠልጣኞቹ ጻፉት። ሁሉም አቀርቅረው ሲጽፉ አየኋቸው። እነዚህ ሰዎች ነገ በየሰፈሩ አንድ ሰው መጠጥ ሲያምረው ከጎኑ እንዲሆኑ የምናዘጋጃቸው ናቸው፤ ሥራቸው በሙሉ የሚቆመው ጓደኛ በመታመኑ ላይ ነው። የእኔ ውሸት ትምህርት ሆኖ ሲወጣ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ሲያጨበጭቡም አብሬ አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ዘይነባ ሱቅ ሄድኩ። ለደንበኛ መጋረጃ እየለካች ነበር። ስታየኝ ሜትሩን አላስቀመጠችም፤ ለክታ፣ ቆርጣ፣ ደንበኛዋን ሸኘችና በርጩማ ሳበችልኝ። እኔም ሳልቀመጥ ነገርኳት። አዳራሹን፣ ቢሮዬን፣ እጄን፣ ሁሉንም።

ዘይነባ ጨርቁን እየጠቀለለች ሰማችኝ። ስጨርስ «አውቃለሁ» አለች።

አልገባኝም። እንዴት እንደምታውቅ ጠየቅኳት።

«የምናውቀው አንቺና እኔ ነበርን። እኔ አልተናገርኩም። ሌላ ማን ይቀራል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?»

«ብነግራትስ? ልጇን ወስደውባታል። እኔን ጥላኛለች። አንቺንም ብትጥልሽ ማን ይቀራት ነበር?» ጨርቁን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። «ከሁለታችን አንዳችን ከአጠገቧ መራቅ ነበረብን። እኔ ራቅኩ።»

ተቀመጥኩ። ጫቱን እንደተወችው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ። ያን ሰሞን እንዳገረሸባት፣ ለብዙ ጊዜ ሱቋን እንኳ በወጉ መክፈት እንዳቃታት፣ በኋላ ግን ብቻዋን ታግላ እንደተወችው ነገረችኝ። ብቻዬን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት እጇን አነሣች።

«እኔን ተዪኝ፣ ሲስተር። ወላሂ፣ አንቺን ለመርገም ጊዜ አላጠፋሁም። አሁን እሷ ቆማለች። ንገሪያት።»

ነገርኳት። ቤቷ ሄጄ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳለች። መሠረት እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ዘይነባ ታውቅ ነበር?»

«አዎ» አልኳት።

ተነሥታ በሩን ከፈተችልኝ። አልሰደበችኝም። እንጨት ለቃሚዎቹ ዝም ሲሏት ምን ተሰምቷት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ ብል ራሴን ከእሷ ጋር ማስተካከል ይሆንብኛል፤ እሷ የታመመች ነበረች፣ እኔ ጤነኛ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ እኔ አትመጣም፤ ክትትሏን ሌላ ጤና ጣቢያ አድርጋለች። ልክ ናት። ከዘይነባ ጋር ይገናኙ አይገናኙ አላውቅም፤ ልጠይቅም አይገባኝም።

ለአለቆቼም ነግሬ ከአሠልጣኝነቱ ወርጃለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ወረድኩ ለማለት አይደለም። አንድ ነገር ስላልተወኝ ነው። እኔና ዘይነባ ዝም ያልነው በአንድ ምክንያት ይመስል ነበር፤ መሠረት እንዳትወድቅ። የዝምታውን ዕዳ ግን ዘይነባ ከፈለች፤ የእኔንም ጨምራ። እኔ በእሷ ስም ተከበርኩ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ታማኝ ተባልኩ። ለመሠረት ብዬ ነው ስል የኖርኩት ውሸት ነው። መሠረት እንደማትወድቅ ባውቅ እንኳ ዝም እል ነበር።