ከገናው ዛፍ አጠገብ የነበረችው አልጋ

አምቦ ውስጥ ነርስ ሆኜ የተቀጠርኩባት ሕክምና ቤት ዛሬ የለችም። ፈረንጆች ከፍተዋት በኋላ ለአገር ሰው ያስረከቧት፣ ለልጆች አንድ ክፍልና ስምንት አልጋ ብቻ የነበራት ትንሽ ቤት ነበረች። ከፈረንጆቹ አንድ ልማድ ቀርቶልን ነበር። በታኅሣሥ አጋማሽ፣ የእነሱ ገና ሲደርስ፣ የልጆቹን ክፍል ማስጌጥ እንጀምራለን፤ የእኛ ገና አልፎ ጥምቀት እስኪወጣ ድረስ አናወርደውም።

የማስጌጡ ሥራ የእኔ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ያደግሁት በጴንጤ ቤት ነው፤ የገና ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ባለቀለም ወረቀት እየቀደድኩ ሰንሰለት ስሠራ ነው ያደግሁት ማለት ይቻላል፤ ሥራ ከያዝኩም በኋላ እጄ አልተወውም። የጥድ ቅርንጫፍ አምጥቼ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ በድንጋይ አስደግፌ አቆማለሁ። የመድኃኒት ካርቶን በኮከብ ቅርጽ ቆርጬ ከሲጋራ ፓኮ በሚወጣው ብርማ ወረቀት እለብጠዋለሁ። የእጅ ጓንት እየነፋሁ በእስክሪብቶ ዓይንና አፍ እሥልበታለሁ፤ አምስቱ ጣት እንደ ዶሮ ቁንጮ ቀጥ ብሎ ሲቆም ልጆቹ ይስቃሉ። ከአዲስ አበባ ያስመጣነው የመብራት ጌጥ ግማሹ ተቃጥሎ ግማሹ ብልጭ ድርግም ይላል። መጨረሻ ላይ በየቅርንጫፉ ጥጥ እበትናለሁ። በረዶ ነው እንግዲህ።

ባጃጅ አምቦ ላይ ገና ብርቅ በነበረበት በአንደኛው ዓመት፣ በዓሉ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አንድ ገበሬ ልጁን አዝሎ መጣ። ከወንጪ፣ ከሐይቁ ዳር ነው የመጣው። ሴት ልጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። እግሯና ፊቷ አብጧል፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪማችን ደረቷን ካዳመጠ በኋላ አባትየው እንዳይሰማ በእንግሊዝኛ ነገረኝ። ልቧ ነው። አዲስ አበባ መሄድ አለባት፤ በዚህ ሁኔታዋ ግን መንገዱን አትችለውም። እብጠቱ እስኪጎድልላት እኛው ዘንድ ትቆይ ተባለ። ከዛፉ አጠገብ ያለው አልጋ ባዶ ስለነበር ትራስ ደራርቤ እዚያ አስተኛኋት።

በማግስቱ ጠዋት መድኃኒቷን ይዤ ስሄድ ዛፉን ትክ ብላ ታየዋለች።

«ሲስተር፣ ዛፉ ምን ሆኖ ነው የቆሰለው?» አለችኝ በኦሮምኛ።

ወዲያው አልገባኝም። ጣቷን ወደ ጥጡ ስትቀስር ነው የገባኝ። ጥጥ አይታ የምታውቀው ቁስል ላይ ብቻ ነው።

«አልቆሰለም። ይሄ በረዶ ነው። በፈረንጅ አገር በገና ሰሞን እንዲህ ጥጥ መስሎ ይወርዳል» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ ባቄላቸውን አይመታባቸውም?» አለች።

እኔም አባትየውም ሳቅን። እሷ ግን የምሯን ነበር። እነሱ አገር በረዶ ባንድ ሌሊት ማሳ አውድሞ ያድራል፤ ይህን እያወቀ በረዶ ለጌጥ የሚሰቅል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ከዚያ ቀን ወዲህ ተላመድን። ተኝታ እያዘዘችኝ ጌጡን ደግሜ አስተካከልኩት። «ኮከቡን ወደዚህ አዙሪው፣ እኔም ልየው» ትለኛለች። ጓንቶቹ ላይ ፊት መሣል አስተማርኳት። እሷ የምትሥላቸው ሁሉ ጥርሳም ናቸው። ስለ ፈረሳቸውም አጫወተችኝ። ዳማ ነው፤ አባቷ ለጉብኝት የሚመጡ ሰዎችን በእሱ ጭኖ ቁልቁል እስከ ሐይቁ ያወርዳል። እኛም በየዓመቱ ከገና በኋላ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ወንጪ ወርደን እንደምንዝናና ስነግራት ከትራሱ ቀና አለች።

«እንግዲያው የኛ ፈረስ ላይ ነው የምትቀመጪው። የሌሎቹ ይጥሉሻል።»

እብጠቱ እየጎደለ ሄደ። በገና ዋዜማ እጇን ይዤ እስከ መስኮቱ ተራመደች። ሐኪሙም በዓሉ እንዳለፈ አዲስ አበባ እንልካታለን አለ። አባትየው ቤቱ ደርሶ ለመመለስ ፈለገ። ሚስቱ አራስ ነች፤ መምጣት አልቻለችም፤ ልጇ እኛ ዘንድ ከገባች ወዲህ አላየቻትም። ሄዶ ሁኔታውን ሊነግራትና ለመንገዱ ልብስ ሊያመጣ ነው። ግን ከአልጋው ጠርዝ መነሳት አቃተው።

«ይሂዱ፣ ኦቦ» አልኩት። «የነገው ተረኛ እኔ ነኝ። ከአጠገቧ አልለይም።»

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ገላቶማ» ብሎ አመሰገነኝና ወጣ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ነገ ከሰዓት እንደሚመለስ ነግሯታል።

የገና ዕለት ጠዋት ከልጆቹ ጋር ዘመርን። በየአልጋው ራስጌ ፊኛ አሰርኩ። እሷ ከትናንቱ ቀዝቀዝ ብላለች። ዳቦውን አልነካችውም። የልብ ምቷን ቆጠርኩት፤ ትንሽ ፈጥኗል። ሐኪሙ ለበዓል ቤቱ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሜ አያታለሁ፣ ካልተሻላት አስጠራዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ያኔ ነው የነርሶች አለቃችን በበሩ ብቅ ያለችው። በዕድሜ እናቴን የምታክል ሴት ስለሆነች ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት።

«ነይ እንጂ፣ አንቺን ስንጠብቅ ዳቦው ሳይቆረስ ሊመሽ ነው» አለች።

«መጣሁ፣ እትዬ።»

ልጅቷ ጋውኔን ያዝ አደረገች። «ቶሎ ነይ» አለችኝ።

«አሁን እመለሳለሁ» አልኳት።

ሻይ ክፍሉ በኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ዳቦው ተቆረሰ፤ ዶሮው ቀረበ፤ ለስላሳ ተከፈተ። የወንጪው ጉዞ ተነሳ፤ ሚኒባሱን ማን ይከራይ፣ በጉን ማን ይግዛ ተባለ። ካሜራ ያለው ፋርማሲስታችን ሁላችንንም ግድግዳው ሥር አሰለፈና አነሳን። ያ ፎቶ እስካሁን አለኝ። አፌን ከፍቼ ስስቅ ያሳያል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቻለሁ፤ ምን ያህል እንደሆነ በትክክል መናገር አልችልም፤ ሰዓቴን አላየሁማ።

ከልጅቷ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ እሳት የፈጀው ሕፃን ነበር። የእሱ እናት ናት በሩ ላይ የቆመችው። ድግሳችንን ላለመረበሽ ብላ ይሁን እንጃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲስተር፣ ልጅቷ ዝም አለችብኝ» አለች።

ሮጥን። ደረቷን ተጫንን፣ ኦክስጅን አደረግን፣ ሐኪሙም በባጃጅ ደረሰ። አልሆነም። በመጨረሻ ሁሉም እጁን ሲያነሳ ያቺ ሴት ወደ ጥግ ጎተት አደረገችኝና፣ «ሁለት ጊዜ ‹ሲስተር መጣች?› አለችኝ» አለች። «አሁን ትመጣለች አልኳት። ከዚያ መብራቱን ስታይ ቆይታ የተኛች መሰለኝ።»

ሐኪሙ በኋላ፣ «እዚያው ብትቆሚም ላይለወጥ ይችላል፣ እንዲህ ያለ ልብ ሳይናገር ነው የሚቆመው» ብሎኛል። ላይለወጥ ይችላል ነው ያለኝ። ደግሜ አልጠየቅኩትም።

አባትየው አሥር ሰዓት ገደማ መጣ። በፌስታል አዲስ ቀሚስ፣ በቅጠል ጠቅልላ እናቷ የላከችውን ጭኮ ይዟል። በመስኮት አየሁት። ዕቃ መቀቀያ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ንጹሑን መቀስ እንደገና ማጠብ ጀመርኩ። የነገረችው እትዬ ናት። አስከሬኑን ይዞ መኪናው እስኪሄድ ከዚያ አልወጣሁም።

ሳምንቱ ሲሞላ የጉዞው ቀን ደረሰ። አልሄድም አልኩ። እትዬ ቤቴ ድረስ መጣች። «ሰው በሞተ ቁጥር ከቀረሽ በዚህ ሥራ የትም አትሄጂም። ተነሽ» አለችኝ። ሌላ አማራጭ ያጣሁ ያህል ተነሳሁ። ሚኒባሱ በፊኛና በባለቀለም ወረቀት አጊጧል፤ አቧራማውን ዳገት እየዘፈኑ ወጡ። እኔ፣ ከስንቱ ባለፈረስ መሃል እሱ አይገጥመኝም፣ ደግሞም ሐዘንተኛ ነው፣ አይወጣም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ከመኪናው ስንወርድ ከባለፈረሶቹ ጋር ቆሞ ነበር። ራሱን ተላጭቷል። ባልደረቦቼ በፈረስ መምረጥ ተጠምደው ልብ አላሉትም። እሱ ግን ቀጥታ ወደ እኔ መጥቶ እጄን ሳመና ዳማውን ፈረስ አቀረበልኝ።

«ሲስተር ስትመጣ እኔ ነኝ የማስቀምጣት ስትል ነበር» አለኝ። «አሁን እኔ ላስቀምጥሽ።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ልጓሙን ይዞ ከፊቴ እየሄደ ቁልቁለቱን ጀመርን። ጓደኞቼ እየተሳሳቁ ቀድመውናል። እግራችን ሥር ሐይቁ ተኝቷል፤ በእንሰቱ መሃል ጭስ ይወጣል። ግማሽ መንገድ ላይ ፈረሱን አቆመና፣ ፊቱን ሳያዞር ጠየቀኝ።

«ፈርታ ነበር?»

ጀርባው ነው የሚታየኝ። ፎጣው ትከሻው ላይ ነው። ያን ጊዜ እውነቱን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር።

«አልፈራችም» አልኩት። «እጇን ይዣት ነበር። እያጫወትኳት ነው እንቅልፍ የወሰዳት።»

ራሱን ነቀነቀ። ለረጅም ጊዜ ነቀነቀ። ከዚያ ፈረሱን ጎተት አደረገው።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሌሎቹ ለጀልባ ተሰለፉ፤ እኔን ግን አባትየው ወደ ቤቱ ወሰደኝ። እናቷ ሕፃኑን አቅፋ ከጓዳ ወጣች። እሱ ነው የነገራት፣ ልክ እኔ እንዳልኩት፣ አንድም ቃል ሳያጎድል። ሴትየዋ ሕፃኑን ለእሱ ሰጥታ ሁለቱንም እጆቼን ያዘች። መዳፌን ገልብጣ አየችው። ግንባሯን እዚያ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ድንችና ወተት ቀረበልኝ፤ በላሁ። አለመብላት ነውር ነው።

በዓመቱ፣ ገና ሲደርስ፣ እናትየው አንድ ቅል ቅቤ ይዛ ከገበያ በሚመጣ መኪና አምቦ መጣች። በሚቀጥለው ዓመትም። የልጆቹ ክፍል ውስጥ ገብታ በዚያች አልጋ ላይ የተኛውን ልጅ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ግንባሩን ትስመዋለች። ከዚያ ከዛፉ ሥር እንቀመጥና፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ነበር?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። በመጀመሪያው ዓመት የነገርኳት አጭር ነበር። በሁለተኛው፣ «መዝሙር ትዘምሪላት ነበር?» አለችኝ፤ አዎ አልኳት። እንዲህ እየሆነ ውሸቱ በየዓመቱ አደገ። እሷ እየሰማች ፊቷ ይፈታል፤ እኔ በሚቀጥለው ቀን አልጋዬን ይዤ እውላለሁ። ማስጌጡን ለሌላ ነርስ ተውኩት።

በሦስተኛው ዓመት ባልና ሚስቱ አብረው መጡ። እሷ ውስጥ ስትገባ እሱ ውጭ፣ ቧንቧው አጠገብ ቆመ። ወጥቼ ነገርኩት። «እጇን አልያዝኩም፣ ኦቦ። ሻይ ክፍል ገብቼ ዶሮ እበላ ነበር። ሁለት ጊዜ መጣች ወይ ብላ ጠይቃለች፤ አልነበርኩም።»

ይመታኛል፣ ይሰድበኛል ብዬ ነበር። በዱላው መሬቱን እየጫረ ቆየ። ቧንቧው ይንጠባጠባል።

«እኔም ትቻት ሄጄ ነበር» አለ መጨረሻ ላይ። ከዚያ በሩን አየት አድርጎ፣ «ለእናቷ ግን አትንገሪያት» አለኝ።

እሷ ከውስጥ ጠራችኝ። ገባሁና ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ፤ እንደ ልማዴ ነገርኳት። አባትየው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ ከእሷ ጋር አልመጣም።

ሕክምና ቤቷ ስትዘጋ ጌዶ ተመደብኩ። ገና በመጣ ቁጥር ተራውን ለምኜ እወስዳለሁ፤ ከክፍልም አልወጣም። ባልደረቦቼ ምሳዬን በሳህን ያመጡልኛል። ለሥራዋ ሟች ነች ብለው ያወሩልኛል አሉ።

አንድ ጊዜ ከአምቦ የመጣ የቀድሞ ዘበኛችንን ጌዶ ገበያ ላይ አገኘሁት። ግቢውን እስካሁን የሚጠብቀው እሱ ነው። የወንጪዋ ሴትዮ በገና ዕለት ቅቤዋን ይዛ መጥታ እንደነበር ነገረኝ። በሩ ተዘግቶ ስታገኘው ግራ ተጋባች። የት ሄደች ብላ ጠየቀችው፤ ጌዶ ናት አላት።

«ጌዶ ሩቅ ነው ወይ?» አለችው።

«ለአንቺ ሩቅ ነው» አልኳት አለኝ።