የልጆቹ ቁስል

መድኃኒቴን የምወስደው ከአቦቦ ጤና ጣቢያ ነበር። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ጤና ጣቢያ ጠፍቶ አይደለም። የተማሪዎቼ እናቶች የሚወልዱትም፣ የሚያስከትቡትም፣ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ገቢ ወጪውን የሚያዩትም እዚህ ስለሆነ ነው። በየስድስት ወሩ ወላጆቼን ልጠይቅ ነው እያልኩ እዚያው አቦቦ በሰፈራ ወደመጡበት መንደር እሄዳለሁ፤ መድኃኒቱን እቀበላለሁ፤ የእናቴን በቆሎ ተሸክሜ እመለሳለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርኩ። አንድም ቀን ኪኒኔን ሳልውጥ አድሬ አላውቅም። ቫይረሱ በደም ምርመራዬ መታየት ካቆመ ቆይቷል። ይህን የምናውቀው እኔና የአቦቦ ጤና ጣቢያ ሰዎች ብቻ ነበርን።

የማስተምረው ኒውላንድ ሰፈር ባለ አጸደ ሕፃናት ነበር። ዝናቡ ሲጀምር የክፍሌ ልጆች አፍ መቁሰል ጀመረ። እናቶቹ ምች ነው አሉና ልጆቹን ዳማከሴ ዳማከሴ እየሸተቱ ላኩልኝ። መዳፋቸው ላይ ስለወጣው ሽፍታ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ለሃጫቸውን ጠረግኩ፣ አልበላም ያለውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በማንኪያ ውኃ አጠጣሁ። ሥራዬ ነው፤ ደግሞም እወደው ነበር።

በሳምንቱ እኔን ያዘኝ። ምራቅ መዋጥ አቃተኝ፤ መዳፌና ውስጥ እግሬ ውኃ ቋጠረ። አቦቦ ለመሄድ አቅም ስላልነበረኝ እዚሁ ከተማ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ነርሷ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት። ሞኝነቴ! ከዚያ በኋላ እጄን ማየት ተወች። ልጆቹ ላይ ምች የነበረው እኔ ላይ ሲደርስ መድኃኒት ማቋረጥ ሆነ። አላቋረጥኩም ብላት ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው አለችና አቦቦ ደወለች።

ካርዴ ላይ አድራሻ በሚለው ቦታ የተጻፈው የትምህርት ቤቱ ስም ነው። የተከራየሁት ቤት ቁጥር የለውም፤ ትምህርት ቤቱን ግን ባጃጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከአቦቦ መድኃኒት ያቋረጡትን እየዞረች የምትፈልገውን ሴት ላኩ። ደግ ሴት ናት። ራሷም እንደኔው ናት፤ አልደበቀችውም፤ ስለዚህ ሥራዋን የማያውቅ ሰው የለም። ወላጆች ልጆቻቸውን በሚያስገቡበት ሰዓት በሩ ላይ ቆማ ዘበኛውን፣ ስሜን ጠርታ የት ናት ብላ ጠየቀችው። እኔ ቤቴ ተኝቻለሁ። ሴትየዋ ሌላ ምንም አላለችም፤ ሌላ ማለትም አላስፈለጋት።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ስመለስ ያየኝ ግን አንድ ጤና መኮንን ነበር፤ የኑዌር ልጅ ነው፣ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ሠርቷል። እጄን ገልብጦ አየና ሥራዬን ጠየቀኝ። «መምህር፣ ይሄ የልጆች በሽታ ነው» አለኝ። «ኮክሳኪ ይባላል። ካምፕ ብዙ አይቻለሁ። መድኃኒትሽን አትተዪ፤ ይሄ ራሱ ይሄዳል።» እንዳለውም በአሥር ቀን ሄደ። የደም ምርመራዬም እንደ ወትሮው ንጹሕ ሆኖ መጣ።

ጤና መኮንኑ የጻፈልኝን ወረቀት ይዤ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ወላጆች ተሰብስበው መጥተው፣ ልጆቻችንን እንዳትነካ ማለታቸውን አንገታቸውን ደፍተው ነገሩኝ። ከፊት የነበረችው ጭኔ ላይ አስቀምጬ ውኃ ያጠጣሁት ልጅ እናት ናት።

«ያስያዙኝ እኮ ልጆቹ ናቸው» አልኳቸው። «ይህን ብቻ ይንገሩልኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ግን ቁስሉ ከልጆቹ ነው የመጣው ካልኩ ክፍሉ ይዘጋል፤ ወላጅም ልጁን ይዞ ይሄዳል። ያንቺ በሽታ ነው እንደተባለ ይቅር። ለጊዜው መዝገብ ቤት ሁኚ።»

መጮህ ነበረብኝ። ወረቀቱን በሩ ላይ መለጠፍ ነበረብኝ። እሺ አልኩ። ለዚያች እሺ ራሴን ይቅር አላልኩትም፤ እሳቸውንም እንደዚያው።

ለጊዜው የተባለው ሁለት ዓመት አልፎታል። ባለፈው መስከረም የማላውቃት እናት ልጇን ልታስመዘግብ መጣች። ስሙን ከመንገሯ በፊት ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ቀነሰች።

«እዚህ ነበረች የሚሏት በሽተኛ መምህር ወጥታለች አይደል?»

«ወጥታለች» አልኳትና የልጁን ስም ጻፍኩ።