የልጅቷ ሰማንያ ቀን

ከክፍል አውጥተው ሲወስዱኝ ጣቶቼ ላይ ገና ጠመኔ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፤ ናዝሬት ውስጥ ሂሳብ አስተምር ነበር። ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ቆርቆሮው ቀን ቀን ይግላል፣ ወለሉ የበቆሎ አቧራ ይሸታል። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። ቦታ የሰጠኝ አንድ የባቡር ሠራተኛ ነው። እግሩን አጠፈና «ቲቸር፣ ና እዚህ ጋ ጠጋ በል» አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ስንቅ ተቀባዩ ዘብ በሩን ከፍቶ ባቡር ሠራተኛውን «ሚስትህ ወልዳለች፤ ሴት ናት» አለው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቆይቶ ግድግዳውን በሚስማር አንዴ ጫረ።

«ወንድ ቢሆን በአርባ ቀኑ ነበር ክርስትና የሚነሳው» አለኝ። «ለሴት ሰማንያ ነው። እስከዚያ ይፈቱኝ ይሆናል።»

«ለምን ሰማንያ?»

«አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ገነት ገቡ ይባላል።»

«ለእኔ ሰማንያ ከሰባ ዘጠኝ በአንድ የሚበልጥ ቁጥር ነው» አልኩት።

አጠገባችን ከዓለም ጤና ከተማ የመጡ፣ ሽንኩርት ገበሬ የሆኑ ሙስሊም ሽማግሌ ጋደም ብለው ነበር። «በእኛም አራስ አርባ ቀኗን ትጠብቃለች» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አትናቀው ልጄ። ሰውየው የያዘው እሱን ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አልቀለድኩም። ጠዋት ጠዋት ሚስማሩን ሲያነሳ ሁላችንም ቀና እንል ነበር። በአርባኛው ቀን ማንም ሳይጠይቀው «ግማሹ አለቀ» አለ።

በሰባ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ስሙ ተጠራ። ነጠላ ጫማውን ሊፈልግ ጎንበስ ሲል ዘቡ «ዕቃ አያስፈልግህም» አለው። እንዲህ የተባለ ሰው ተመልሶ እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሚስማሩን እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ቲቸር፣ ዘጠኝ ቀርቷል። ቁጠርልኝ።»

ቆጠርኩለት። ሰማንያው ቅዳሜ ዋለ። ሽማግሌው በማለዳ ተነስተው ወለሉን ጠረጉ። ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ ካስቀመጡት ውሃ ላይ ለእያንዳንዳችን አፈሰሱልንና ፊታችንን ታጠብን። ሸሚዝ ያለው ሸሚዙን ለበሰ፣ የሌለው ጋቢውን አስተካከለ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው «ልጅቷን ያሳድግልን» አሉ። ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ በምንም አላምንም የሚለው ተማሪም አሜን አልን።

ዘቡ በሩን ከፈተና አየን። «ዛሬ ምንድን ነው?»

«ክርስትና አለብን» አሉት ሽማግሌው።

በሩን ቀስ አድርጎ መለሰው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስፈታ ባቡር ጣቢያው ሠፈር የሚስቱን ቤት ጠይቄ ሄድኩ። ልጅቷ እየሮጠች ነበር።

«ተዛውሯል ብለው ስንቁን መለሱልኝ» አለችኝ ሚስቱ። «ከዚያ በኋላ የነገረኝ ሰው የለም። አልቅሼ እንዳልቀመጥ ሞቷል ያለኝ የለም። የተዝካሩን አርባ ከመቼ ልቁጠር?»

ከእኛ ዘንድ የወጣበትን ቀንና ወር ነገርኳት። ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች፤ አልፎ አልፎ እየተሳሳተች ትመለሳለች። እኔ መልሱን አውቀው ነበር፤ አላቋረጥኳትም። አርባ ላይ ስትደርስ እጇ ጭኗ ላይ ወደቀ።

«በአርባው ቀን፣ ወደዚያ ተዛውሮ ይሆናል ብዬ፣ ቢሾፍቱ እስር ቤት በር ላይ ነበርኩ» አለች። «ምሳውን ይዤለት።»

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ብዙ ተማሪ ሂሳብ አስተምሬያለሁ፤ አርባ ለምን አርባ እንደሆነ ግን ዛሬም ማስረዳት አልችልም። የዚያን ሐሙስ ይግደሉት፣ ሌላ ቀን፣ አላውቅም። እሷም አለማወቄን ታውቃለች። በየዓመቱ ያ የነገርኳት ቀን ሲደርስ ዝክር አዘጋጅታ ትጠራኛለች፤ ሄጄ ከቤተ ዘመዱ ጋር እቀመጣለሁ።